ጭብጥ በአንድ ቃል አይያዝም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ አጭር ልቦለድ የሚሰጡ አስተያየቶች ጭብጡን «ስስት» ብለው ማለፋቸው ያሳዝናል። ይህ ርዕሰ ጉዳይ ነው፤ ጭብጥ ግን ታሪኩ ስለ ስስት የሚለው ነገር ስለሆነ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ከዚያም በፍጻሜው ይፈተን። ስስታሙ ሳይቀጣ፣ እንዲያውም በልጽጎ ታሪኩ ካለቀ «ስስት ያጠፋል» የሚለው ትርጓሜ ከጽሑፉ ሳይሆን ከአንባቢው እምነት የመጣ ነው። ከተረት የለመድነውን ምክር ልቦለዱ ላይ እንጭናለን፤ አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው።

«እኔ» እያለ የሚተርክ ገጸ ባሕርይም ደራሲው አይደለም፤ ሊዋሽ ይችላልና ንግግሩ ከድርጊቱ ጋር ይመሳከር። ሁለተኛ ንባብ ደግሞ የግድ ነው፤ መጨረሻው ከታወቀ በኋላ የመክፈቻው አንቀጽ ሌላ ነገር ይናገራል። መምህራን «ምን ተማራችሁ?» ከማለታቸው በፊት «ማን ተለወጠ? በምን ምክንያት?» ብለው ቢጠይቁ እንወዳለን።