ጫፍ ስለሌለው ቦይና ጫፍ ስላለው ቅጣት

ለከተማችን የጎርፍ መውረጃ ቦዮች ሥራ ኃላፊ
ደሴ

ጉዳዩ፦ የማርገቢያ ገንዳ ሳይሠራለት ርክክብ የተፈጸመበትን ቦይ ይመለከታል

ክቡር ኃላፊ፣

በቃልም በጽሑፍም ያቀረብነው አቤቱታ የውሃ ሽታ ሆኖ ስለቀረ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ከጦሳ ተራራ ግርጌ ወደ መንደራችን የሚወርደው ቦይ በድንጋይና በሲሚንቶ አምሮ ተሠርቷል፤ በምረቃውም ተጨብጭቦለታል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በስብሰባ ላይ የታየን ንድፍ ግን ቦዩ በደረጃ እየወረደ መጨረሻው ላይ ውሃውን የሚያሳርፍ ገንዳ እንደሚኖረው ያመለክት ነበር። ዛሬ ያለው ወጥ ተዳፋት ነው፤ እሱም ከአንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን አጥር በላይ ድንገት ያበቃል።

ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል እንጂ፣ ከ5 ሜትር ከፍታ በነፃ የሚወድቅ ውሃ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰኮንድ ወደ 10 ሜትር ይጠጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ በሆነ ጊዜ ደግሞ ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ተዳፋቱ በረዘመና ወለሉ በለሰለሰ መጠን ውሃው ወደዚህ ዓይነቱ ፍጥነት ይቃረባል። ደረጃ የሚሠራው ይህን ጉልበት በየእርከኑ ለመስበር ነው፤ ገንዳው ደግሞ ሲምዘገዘግ የመጣውን ስስ ውሃ እዚያው አስዘልሎና እርስ በርሱ አላትሞ፣ ወፈር ዝግ ብሎ እንዲወጣ ያደርገዋል። ሁለቱም የሌሉት ቦይ ጎርፉን አፍጥኖ ከበታቹ ላለው ሰው ያቀብላል፤ የሸረሸረውንም አፈር ደለል አድርጎ ወደ ቦርከና ወንዝ ይሰዳል።

ባለፈው ነሐሴ የእኚህ እናት አጥር ሥሩ ተቦርቡሮ ቋሚዎቹ በአየር ላይ ተንጠለጠሉ። የማድቤታቸው ወለል ከምጣዱ አጠገብ ተሰንጥቆ ክፍተቱ እጅ ያስገባል፤ አሁን እንጀራ የሚጋግሩት በመኝታ ክፍላቸው ደጃፍ ነው። ደጅ መጥናቱ ሲሰለቸን ገንዘብ አዋጥተን ሽቦና ድንጋይ ገዛን፣ ከቦዩ አፍ ሥርም ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን፣ መደርደር ጀመርን። ሥሩ በጥልቀት ካልታሰረ ውሃው ከታች ገብቶ ሊገለብጠው እንደሚችል አልጠፋንም፤ ከባዶ ይሻላል ብለን እንጂ።

አቤቱታችንን የሚያይ ባለሙያ የለኝም ሲል የከረመው ጽሕፈት ቤት ታዲያ ጋቢዮኑ ሳያልቅ ባለሙያ አገኘ። የመጡት ሰዎች ወደ ቦዩ አፍ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ፣ በውሃ መውረጃ ወሰን ውስጥ ያለ ፈቃድ ግንባታ ተካሂዷል በሚል የቅጣት ወረቀት ጽፈው ሄዱ። የተጻፈውም በእኚሁ እናት ስም ነው፤ ግቢው የእሳቸው ነዋ! ግቢያቸውን የሚቦረቡረው ጎርፍስ የማንን ፈቃድ ይዞ ነው የሚገባው?

ደረጃውና ገንዳው ከንድፉ የወጡት በማን ውሳኔ ነው? ካልወጡ ደግሞ ሳይሠሩ ርክክቡ እንዴት ተፈጸመ፣ ክፍያውስ ተከፍሏል? መልሱን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ቅጣቱ እንዲሰረዝ፣ የቦዩም ጫፍ ከመጪው ሐምሌ በፊት በንድፉ መሠረት እንዲጠናቀቅ እንጠይቃለን። ይህ የማይሆን ከሆነ፣ በክረምቱ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂው ማን እንደሆነ ስሙንና የሥራ ድርሻውን ጠቅሰው ከወዲሁ ይጻፉልን።

ከጦሳ ግርጌ ነዋሪዎች አንዱ