ራሱን የማይደግመው ንጣፍ በጋዜጣችሁ ገጽ ላይ ቢወጣ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሒሳብ በጋዜጦቻችን ላይ ስሙ የሚነሣው በአብዛኛው የብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሚሆንበት ሰሞን ነው፤ ያን ጊዜም የሚነሣው ተማሪ የወደቀበት ትምህርት ሆኖ ነው። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት በዚህ የእውቀት ዘርፍ ውስጥ፣ አንድም ቀመር የማያውቅ ሰው እንኳ በዓይኑ ዐይቶ የሚደነቅበት ቅርጽ ተገኝቷል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ቅርጹ ከነሥዕሉ በጋዜጣችሁ ላይ እንዲወጣ ለመጠየቅ ነው።

ጉዳዩ የሚጀምረው ከወለል ላይ ነው። ጎኖቻቸውም ማዕዘኖቻቸውም እኩል ከሆኑ ቅርጾች መካከል፣ አንዱን ዓይነት ብቻ በመጠቀም ወለልን ያለ ክፍተት ለማልበስ የሚያገለግሉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ሦስት ማዕዘን፣ ካሬና ባለስድስት ጎን ናቸው። ምክንያቱም በአንድ ነጥብ ዙሪያ ያለው 360 ዲግሪ ለማዕዘኖቻቸው፣ ማለትም ለ60፣ ለ90 እና ለ120 ያለ ቀሪ ይካፈላል። የባለአምስት ጎን ማዕዘን ግን 108 ዲግሪ ስለሆነ፣ ሦስቱን ስንገጥማቸው የ36 ዲግሪ ክፍተት ይቀራል፤ አራተኛ የሚገባበት ቦታ የለም። ንብ ለእንጀራዋ የመረጠችው ባለስድስት ጎኑን ነው፤ ሜዳን እኩል ስፋት ወዳላቸው ክፍሎች ለመከፋፈል ከዚህ ያነሰ የግድግዳ ርዝመት የሚጠይቅ ቅርጽ አለመኖሩን ቶማስ ሄልስ የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1999 አረጋግጧል።

እነዚህ ንጣፎች ሁሉ ይደጋገማሉ። የወለሉን መስመሮች በስስ ወረቀት ላይ ገልብጠን ወረቀቱን በአንድ ካሬ ስፋት ብናንሸራትተው፣ መስመሩ ሁሉ እንደገና ልክ ይገጥማል። የጥለታችን ውበትም ከዚሁ የሚመነጭ ነው፤ ሸማኔው አንዱን ጌጥ ከጨረሰ በኋላ ያንኑ እስከ ጫፍ ድረስ ይመላልሰዋል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነበር፦ ወለሉን ያለ ክፍተት የሚያለብሱ፣ ነገር ግን ምንም ያህል ብንሞክር እንዲህ እንዲደጋገሙ ማድረግ የማይቻል ቅርጾች ይኖራሉን?

ሀው ዋንግ የተባለው የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 እንደማይኖሩ ገምቶ ነበር። የራሱ ተማሪ የነበረው ሮበርት በርገር ግን ግምቱ ትክክል አለመሆኑን አረጋገጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ሥራ የተጠቀመባቸው የንጣፍ ዓይነቶች 20,426 ነበሩ። ቁጥሩ እያነሰ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ሮቢንሰን ወደ ስድስት አወረደው፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ እንግሊዛዊው ሊቅ ሮጀር ፔንሮዝ ሁለት ዓይነት ብቻ በቂ መሆናቸውን አሳየ። በፔንሮዝ ንጣፍ ውስጥ ቀደም ሲል በባለአምስት ጎኑ ቦታ ያጣው የአምስትነት ሥርዓት በየአቅጣጫው ይታያል።

ተፈጥሮም ይህንኑ መንገድ ታውቀው ኖሯል። ዳን ሼክትማን የተባለው እስራኤላዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1982 የአሉሚኒየምና የማንጋኒዝ ቅይጥን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ በክበብ የተደረደሩ ዐሥር ነጠብጣቦችን አየ፤ በጊዜው የነበረው ሳይንስ ደግሞ የክሪስታል አተሞች እንደ ተራ ወለል ንጣፍ ይደጋገማሉ ብሎ ስለሚያምን፣ እንዲህ ያለ ክሪስታል ሊኖር አይችልም ይል ነበር። ብዙዎች አላመኑትም፤ ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ታላቁ ኬሚስት ሊነስ ፖሊንግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ግን ሼክትማን የኖቤል ሽልማትን ተቀበለ። ከዚህ ሁሉ እጅግ ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1453 በኢስፋሃን በተሠራው የዳርበ ኢማም ሕንፃ ላይ የፋርስ ጠቢባን ያኖሩት የሸክላ ጌጥ ከፔንሮዝ ንድፍ ጋር እጅግ የተቀራረበ መሆኑን ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 አመልክተዋል።

የቀረው ጥያቄ አንድ ዓይነት ንጣፍ ብቻውን ይህን ማድረግ ይችላል ወይ የሚለው ሲሆን፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል መልስ አላገኘም። መልሱን ያመጣው ዴቪድ ስሚዝ፣ በእንግሊዝ ዮርክሻየር የሚኖርና ከማተሚያ ሥራ ጡረታ የወጣ፣ ቅርጾችን ለፍቅራቸው ሲል የሚያጠና ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 በኮምፒውተር ፕሮግራም ሲሞክር ያገኘውን ባለ13 ጎን ቅርጽ በካርቶን ቆርጦ መግጠም ጀመረ፤ ቅርጹ ይገጥማል፣ ነገር ግን አይደጋገምም። ከዚያም በካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ለሚሠራው ለክሬግ ካፕላን ጻፈለት፤ ጆሴፍ ማየርስና ኻይም ጉድማን ስትራውስም ተጨምረው አራቱ ማረጋገጫውን በመጋቢት 2023 ይፋ አደረጉ። ቅርጹን «ባርኔጣ» ብለውታል።

ከማረጋገጫው መንገዶች አንዱን በቃል መግለጽ ይቻላል፤ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው። ባርኔጣዎቹ ሲገጣጠሙ የግድ በቡድን ይሰባሰባሉ፤ ቡድኖቹም በተራቸው ያንኑ ሥርዓት ተከትለው ትልልቅ ቡድኖችን ይሠራሉ፤ ደረጃው ማለቂያ የለውም። ንድፉን በተወሰነ ርቀት አንሸራትተን በራሱ ላይ ለመግጠም ብንሞክር፣ ከዚያ ርቀት እጅግ የሚበልጡ ቡድኖች ሁልጊዜ አሉ፤ ትንሽ የተንሸራተተ ትልቅ ቡድን ደግሞ በሌላ ቡድን ላይ ሊያርፍ አይችልም። ስለዚህ ንድፉ ፍጹም ሥርዓት እያለው ራሱን ሊደግም አይችልም።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። ባርኔጣው ወለሉን የሚያለብሰው ከንጣፎቹ አንዳንዶቹ ሲገለበጡ ነው፤ ፊቱ ብቻ የተቀባ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ባለሙያ ደግሞ ንጣፉን ገልብጦ ሊያስቀምጥ አይችልም። አራቱ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ መገልበጥ የማያስፈልገውን «ስፔክተር» የተባለውን ቅርጽ አቀረቡ። ለግንበኛ ስፔክተር ይሻላል፤ በጋዜጣ ላይ እንዲታተም የምመርጠው ግን ባርኔጣውን ነው፤ ጎኖቹ ቀጥተኛ ስለሆኑ በመቀስ ለመቁረጥ ይቀላል፣ ወረቀትም ያለ ችግር ይገለበጣል።

አሠራሩ በማንኛውም ተማሪ እጅ ያለ ነው። ባለስድስት ጎን ቅርጾችን አጠጋግቶ መሣል፣ የእያንዳንዱን መሐል ነጥብ ከስድስቱ ጎኖች መካከለኛ ነጥቦች ጋር በመስመር ማገናኘት፣ ከዚያም በተፈጠሩት ባለአራት ጎን ክፍሎች ውስጥ ስምንቱን መርጦ አንድ ላይ ማስቀረት ነው። የትኞቹ ስምንት እንደሆኑ በቃል ከማስረዳት ይልቅ ሥዕሉ በግልጽ ያሳያል። ስለዚህ በሕፃናት ወይም በትምህርት ገጻችሁ ላይ፣ ተቆርጠው የሚወጡ ሠላሳ ያህል ባርኔጣዎች ተሥለው ቢታተሙና ከአጠገባቸውም ስለ ስሚዝ አጭር ጽሑፍ ቢቀርብ፣ የሒሳብ መምህራን ገጹን ለክፍል ሥራ ይጠቀሙበታል፤ እኔም በማስተምርበት ክፍል ለመጠቀም ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር
ባሕር ዳር