ምዝገባ ሳይጀመር ጣሪያውን እንክደን፦ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የቀድሞ ተማሪዎችና የትምህርት ቤታችን ወዳጆች፣

የሁለቱ መማሪያ ክፍሎች ጣሪያ በነፋስ ከተገነጠለ ወዲህ የጀመርነው መዋጮ መንገድ ላይ ቆሟል። «አሁንም መዋጮ?» የሚል እንዳለ እናውቃለን፤ እኛንም ደክሞናል። ነገር ግን ምዝገባው ከጣሪያው ከቀደመ ልጆች እናጣለን። ዛሬ ሁለቱ ክፍሎች አንዱን ቤት በፈረቃ ይጠቀማሉ፤ ይህም ለእያንዳንዱ ልጅ የግማሽ ቀን ትምህርት ማለት ነው። ጉዳቱ ታች ክፍሎች ላይ ይብሳል፤ ንባብ ያልጨበጠ ልጅ ከፍ ሲል የሒሳቡን ጥያቄ ራሱ ማንበብ ያቅተዋል። የከሰዓት ፈረቃ የደረሳቸው ሩቅ መንገደኞች፣ በተለይ ሴቶች ልጆች፣ ሲመሽባቸው ይቀራሉ። መምህር የሚመደበው በተማሪ ቁጥር ስለሆነ ምዝገባው ሲያንስ መምህር ይነሣብናል፤ ያኔ የቀሩትም ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ።

«የመጀመሪያው ገንዘብ የት ገባ?» ላላችሁን፦ መሠረቱና የሴቶች መጸዳጃ ቤቱ ላይ ነው። ግድግዳው ከሥሩ ውኃ እየጠጣ ጣሪያ መቀየር ገንዘብ መበተን ነበር። መሠረቱ ዛሬም ስንጥቅ የለበትም። ደረሰኞቹ ከነቃለ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት አሉ፤ መጥቶ ማየት የሁላችሁም መብት ነው።

የወደቀውን ጣሪያ አንድ በአንድ አይተነዋል። ሚስማሩ የተመታው ቆርቆሮው ጉብታ ላይ ሳይሆን ውኃ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ ነበር፤ ዝገቱ ቀዳዳውን ጣት እስኪያስገባ አስፍቶታል። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን የእንጨት ጫፍ ምስጥ ዱቄት አድርጎታል። ከሁሉ የከፋው ግን እንጨቱን ከግድግዳው ጋር የሚያስር ብረት አለመኖሩ ነው፤ ነፋሱ ከሥር ገብቶ ጣሪያውን እንደ ክዳን አነሣው።

ስለዚህ አሁን ለ16 በ7 ሜትሩ ቤት የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ 110፣ ለብልሽት 5 ተጨማሪ፤ በየ1.5 ሜትሩ የሚቆም የጣሪያ ማዋቀሪያ (ጣሪያውን የሚሸከም የእንጨት ቅርጽ) 12፤ ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር እየተራራቀ በማዋቀሪያው ላይ አግድም የሚመታ ማገር በጠቅላላው 210 ሜትር ያህል፤ ጎማ ያለው የቆርቆሮ ሚስማር፤ ማሰሪያ ብረት፤ የምስጥ መድኃኒት። ቆርቆሮው በቁመቱ ሲደራረብ መደራረቢያው ከ20 ሴንቲ ሜትር አያንስም። ቆጥበን ማገሩን ካራራቅነው ያው ነፋስ ይመለሳል።

ገንዘብ ባይኖራችሁ እንጨትም፣ የሁለት ቀን ጉልበትም እንቀበላለን። ለአምላክ ቤት የሚዘረጋ እጅ ለልጆች ቤትም ይዘርጋ። ቃል ገብታችሁ ያልከፈላችሁ፣ እባካችሁ በዚህ ሳምንት አድርሱልን፤ እንጨቱን ቀድሞ መድኃኒት ቀብቶ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ክፍያው በኮሚቴው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳና በደረሰኛችን ራስጌ ላይ ታትሟል። ገንዘብ የሚወጣው በሦስት ፈራሚዎች ነው። ስትልኩ ምክንያቱ ላይ ስማችሁንና «ለጣሪያ» የሚለውን ቃል ጻፉ፤ ያለዚያ ከመጽሐፍ መግዣው ጋር ይቀላቀልብናል። የባንኩን ወረቀት ለገንዘብ ያዡ አሳይታችሁ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ተቀበሉ። ደግመን እንላለን፦ በኮሚቴው ሒሳብ፣ «ለጣሪያ» ተብሎ፣ በደረሰኝ። ያለ ደረሰኝ ለማንም፣ ለኮሚቴ አባልም ቢሆን፣ በእጅ አትስጡ።

የትምህርት ቤቱ የጣሪያ ሥራ ኮሚቴ