የተገዛውን ሳይሆን የመጣውን ቁጠሩልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

አውቶቡስ ዜና የሚሆነው ሲገዛ ነው። ሪባን ይቆረጣል፣ ሹማምንቱ ተሳፍረው ፎቶ ይነሳሉ፣ እናንተም ብዛቱን በትልቁ ትጽፋላችሁ። እኔ ዜናችሁን የማነበው የካ አባዶ ፌርማታ ላይ ቆሜ ነው። ዜናውን ጨርሼ፣ ስፖርቱንም ጨርሼ፣ አውቶቡሱ ገና ነው።

ባለፈው ሳምንት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተሰለፍኩ። 45 ደቂቃ ምንም የለም። ከዚያ ሦስት አውቶቡስ ተከታትሎ መጣ። የፊተኛው በሩ አልዘጋ ብሎ ሰው ተንጠልጥሎበታል። ሦስተኛው ወንበሩ ግማሹ ባዶ ነው። ሰልፈኛው ሾፌሮቹን ሰደበ። እኔ ግን ጥፋቱ የእነሱ አይመስለኝም። የፊተኛው መንገድ ላይ ሲዘጋበት በየፌርማታው ሰው ይከማቻል። ያን ሁሉ ሲጭንና ሲያወርድ የበለጠ ይዘገያል። የኋላው ደግሞ የሚጭነው ስለሌለ ይደርስበታል። አሥር አውቶቡስ ብትጨምሩበትም አሥሩ ተያይዘው ይመጣሉ።

ያደግኩት አራት ኪሎ ነው። ያኔ አንበሳ የሚታወቀው በቁጥሩ ነበር። እናቴ ፊደል አትለይም፣ የአውቶቡስ ቁጥር ግን ከሩቅ ትለያለች። መጨናነቁ ያው ነው፤ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ዛሬ የተፈጠረ አባባል አይደለም። ኪስ አውላቂውም ነበር፣ አንድ ሰዓቴን በልቷል። ግን የትኛው ቁጥር የት እንደሚሄድ ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር።

አንበሳ በ1930ዎቹ አጋማሽ ሥራ የጀመረው ጣሊያን ጥሏቸው በሄዱ የጭነት መኪናዎች ነው። ከአብዮቱ በኋላ ተወረሰ። ዳፍ መጣ፣ ቢሾፍቱ መጣ፣ በመሃሉ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፈውም መጣ። ከዚያ ሸገርና ፐብሊክ ሰርቪስ ተጨመሩ። አውቶቡስ አልተገዛም የሚል ካለ ውሸቱን ነው። ነገር ግን በዚህ መሃል ከመሃል ከተማ ስንቱ ሰው ተነስቶ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገባ! ሥራው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሐኪም ቤቱ ግን ለብዙዎቻችን እዚያው ቀረ።

ሚኒባስ አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ። የሚጭነው 12 ሰው ነው፤ አንድ ትልቅ አውቶቡስ የስድስት ሰባቱን ሰው ያነሳል። ማታ ላይ ደግሞ አቆራርጦ ይጭናል። መገናኛ አውርዶን እዚያው መልሶ «አባዶ፣ አባዶ» ብሎ ሲጠራን ሰምቻለሁ፤ ሁለተኛ ሒሳብ መሆኑ ነው።

ዳሬሰላም በእኛ 2008 ዓ.ም. 21 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ መሃሉን ለአውቶቡስ ብቻ ሰጥታ ሥራ አስጀመረች። በዚያው ዓመት መስከረም እኛ ባቡር አስገባን። እነሱም በአውቶቡስ እጥረትና በመጨናነቅ መማረራቸው አልቀረም። ቢሆንም ያለው አውቶቡስ የራሱ መንገድ አለው። የእኛ ግን ከቪትዙም ከሲኖ ትራኩም ጋር እየተጋፋ ነው የሚመጣው።

የእኔ ልመና ለእናንተ ነው። የተገዛውን መቁጠር ተዉና የመጣውን ቁጠሩልን። አንድ ጋዜጠኛ ላኩ። ከ12 እስከ 2 ሰዓት ስንት አውቶቡስ መጣ? ስንቱ ሳይቆም አለፈ? በአንዱና በሌላው መሃል ስንት ደቂቃ ነበር? ያንን በትልቁ ጻፉት። በሚቀጥለው ወርም ተመልሳችሁ ቁጠሩ። ሹማምንቱን ስትጠይቁም «ስንት ገዛችሁ» ከማለት «በስንት ደቂቃ ይመጣል» በሏቸው።

ፌርማታው አጠገብ ጀበና ቡና አለ፤ ሒሳቡ በእኔ ነው። ጋዜጠኛው ግን ቀደም ብሎ ይምጣ፤ ሰልፉ 12 ሰዓት ሳይሞላ ይጀመራል።

ከሰላምታ ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከየካ አባዶ