"በቀዝቃዛ የተጨመቀ" የሚለውን ማን አየልን?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው እዚህ ጎንደር ፒያሳ አንድ ሱቅ ገብቼ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ገዛሁ፣ ጠርሙሱ ላይ "በቀዝቃዛ የተጨመቀ፣ 100 ፐርሰንት ንፁህ" ይላል። ለእናቴ ስሰጣት ክዳኑን ከፍታ አሸተተችውና ጣቷ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችው፣ ከዛ "ልጄ ይሄማ ጉሮሮ እንኳን አይቆነጥጥም፣ ሱፍ ነው የሸጡልህ" አለችኝ። እሷም ተሳስታ ሊሆን ይችላል፣ ግን ማን ይዳኘን?

በቀዝቃዛ ተጨመቀ ማለትኮ ፍሬው ሳይቆላ ሳይሞቅ ተጨመቀ ነው እንጂ ውስጡ ምን ያህል መድኃኒት አለ ማለት አይደለም። የጥቁር አዝሙድ ዋናው ነገር ታይሞኩዊኖን ይባላል፣ እሱ ደግሞ ብርሃንና ሙቀት አይችልም፣ የኔው ዘይት ግን ብርሃን በሚያሳልፍ ነጭ ጠርሙስ ሱቁ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ነው ያገኘሁት (አይቼዋለሁ እኮ፣ ረከስ ስላለኝ ዝም አልኩ)።

ኬሚስትሪ የተማረው የእህቴ ልጅ እንዳስረዳኝ ምርመራው ያን ያህል ተአምር አይደለም። ዘይቱን ሜታኖል በሚባል የአልኮል ዓይነት እያናወጡ የሚፈለገውን ነገር ያወጡና ኤችፒኤልሲ የሚባል ማሽን ውስጥ ያስገቡታል፣ ቱቦው ውስጥ ሲያልፍ እያንዳንዱ ነገር በየራሱ ሰዓት ይወጣል፣ 254 ናኖሜትር በሚባለው ዓይን በማያየው ብርሃን ሲታይ ታይሞኩዊኖን ካለ ስክሪኑ ላይ ተራራ ይሰራል፣ ተራራው ከንፁህ ናሙና ጋር ሲነፃፀር መጠኑ ይታወቃል። የሰሊጥ ዘይት ላይማ ውሸቱም ይጋለጣል፣ ሰሊጥ ውስጥ ያለው ሰሳሞሊን የሚባለው ነገር ሲቆላ ወደ ሰሳሞል ስለሚለወጥ ሰሳሞሉ በዝቶ ከተገኘ "አልቆላሁም" ያለው ነጋዴ መልስ ያጣል። ተበላሽቷል ወይ የሚለው ደግሞ ሌላ ነው፣ እሱ ዘይት አየር ሲያገኘው በሚፈጠረው ፐርኦክሳይድ ነው የሚለካው፣ ኮዴክስ የሚባለው የዓለም የምግብ ደረጃ ለቀዝቃዛ ጭምቅ በኪሎ እስከ 15 ሚሊ ኢኩቫለንት (የፐርኦክሳይድ መለኪያ ነው) ይፈቅዳል፣ ግን ያልተበላሸ ዘይት ሁሉ ታይሞኩዊኖን አለው ማለት አይደለም።

የመተማ ሰሊጥ በደጃችን እያለፈ፣ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ እያለን፣ ሰው አንድ ጠርሙስ ይዞ ሄዶ ከፍሎ የሚያስመረምርበት መስኮት ቢከፈት ምን ይከብዳል? ነጋዴዎቻችንስ "ንፁህ" ከማለት የተጨመቀበትን ቀንና በአንድ ግራም ስንት ሚሊግራም ታይሞኩዊኖን እንዳለው ቢፅፉ?

ጠርሙሱን አልጣልኩትም፣ ግማሹ አለ፣ አሁን ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። የሚመረምርልኝ ካለ ይዤ እመጣለሁ፣ እናቴም ውጤቱን እየጠበቀች ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከማራኪ፣ ጎንደር