“የአትክልት ዘይት ነው” ተብለን ስለበላነው የሞራ ድንች

ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለቤልጂግ ድንችና ዋፍል ቤቱ ባለቤት

ጉዳዩ፦ በፍልሰታ ጾም በበሬ ሞራ የተጠበሰ ድንች የአትክልት ዘይት ነው ተብሎ ስለቀረበልን

ጤና ይስጥልኝ።

በአማርኛ የምጽፍልዎ ሥራ አስኪያጅዎ “ባለቤቱ ሐበሻ ናቸው፤ በአማርኛ ብትጽፊላቸው ራሳቸው ያነቡታል” ስላለኝ ነው። ጥሩ ሆነ። ሞራ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የሆነ የውበት ቅባት ይመስላል። በአማርኛ ግን ሞራ ሞራ ነው።

ባለፈው ረቡዕ፣ ነሐሴ 7፣ ከሁለት ልጆቼ ጋር አስቀድሰን ወጣን። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመስንም። ትንሿ ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ፍልሰታን እንደ ትልቅ ሰው ስትጾም ዘንድሮ የመጀመሪያዋ ነው። እንዴት እንደምትኮራበት ቢያዩ! በዚያው ሰሞን የጎረቤት ልጅ ልደት ላይ ኬክ ሲሰጧት “ጾመኛ ነኝ” ብላ መልሳለች። እኔ በእሷ ዕድሜ እንደዚያ አደርግ እንደሆነ እንጃ።

እቤት ሽሮ ተሠርቶ ይጠብቀናል። ልጅ ግን ልጅ ነው። በመኪና በእናንተ ደጅ ስናልፍ “እማዬ፣ ድንች!” አለችኝ። በጸሎቷም በጾሟም በርትታለች፤ እምቢ ማለት አቃተኝ።

ዝም ብዬ ግን አልገባሁም። ብራስልስ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። ተማሪ ሳለሁ ሁለት ዓመት ያህል ቅዳሜና እሁድ አንድ ፍሪትኮት ውስጥ እሠራ ነበር። እርስዎ ያውቁታል፤ አደባባይ ዳር የምትቆመዋ የድንች ጥብስ ጎጆ ናት። ዲግሪዬን የያዝኩት እጄ ድንች ድንች እየሸተተ ነው። እዚያ ድንቹን “ፍሬንች ፍራይስ” ብለው ካዘዙ ይገላምጡዎታል፤ ፍሪት ነው የሚባለው። ወፈር ተደርጎ ይቆረጣል፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ። መጀመሪያ በ150 ዲግሪ አካባቢ ይበስልና ቀለም ሳይዝ ይወጣል። ያርፋል። ደንበኛ ሲያዝ በ180 ዲግሪ ገደማ ተመልሶ ይገባል። የሚጠበስበት ደግሞ፣ በድሮው ወግ፣ የበሬ ሞራ ነው። ዛሬ በአትክልት ዘይት የሚጠብሱም ብዙ ናቸው፤ ወጉን የሚያጠብቁት ግን ከሞራው ንቅንቅ አይሉም። እኔም በጾም ወራት እዚያ እየሠራሁ አንዲት ፍሬ አፌ አላደረስኩም። እና “ድንች ምን አለው” ብዬ ዘልዬ የምገባ ሰው አይደለሁም።

ስለዚህ ጠየቅኩ። ካሸር ላይ የነበረችውን ልጅ “ድንቹ በምንድን ነው የሚጠበሰው?” አልኳት።

“በአትክልት ዘይት።”

“እርግጠኛ ነሽ? የበሬ ሞራ የለበትም?”

“የለበትም” አለችና ከጀርባዋ ያለውን ሰሌዳ አሳየችኝ። እውነትም ተጽፏል። መቶ በመቶ የአትክልት ዘይት ይላል፤ ከጎኑ አረንጓዴ ቅጠል ተስሎበታል።

ከዚያ ማባያ ስታማርጠን አንዳሉዝ ሶስ አለች። “እሱ እንቁላል አለው አይደል?” ስላት “ኧረ ቲማቲም ነው” አለችኝ። አንዳሉዝ ማለት እኮ ቲማቲምና ቃሪያ የገባበት ማዮኔዝ ነው። ማዮኔዝ ደግሞ ከእንቁላል ነው የሚሠራው። እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። ርቦኝ ስለነበር አልነቃሁም። ኬቻፕ ይበቃናል አልኳት።

ሦስት ትልልቅ ድንችና ሦስት ውኃ 38 ዶላር ከምናምን መጣ። ታብሌቷን ለጉርሻ አዞረችልኝ፤ 18፣ 20፣ 25 ከመቶ። ራሴ ከባንኮኒ ለምሸከመው ድንች 20ውን ነካሁ። ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለብኝ።

ስለ ጣዕሙ አንድም ቅሬታ የለኝም። ድንቹ ግሩም ነው። ብራስልስ፣ ፕላስ ዡርዳን አደባባይ ላይ፣ ከፈረንጆቹ 1948 ጀምሮ ያለ ሜዞን አንትዋን የሚባል ድንች ቤት አለ። የእናንተ ከእሱ ብዙም አይርቅም። ከላይ ቅርጥፍ ይላል፣ ውስጡ እንደ ቅቅል ድንች ልስልስ ነው። ልጆቹ ቀና ብለው አላዩኝም። እኔም ሦስት አራቱን ከጎረስኩ በኋላ ነው “ይሄ ነገር ለምን እንዲህ ጣፈጠ?” ያልኩት።

ቀስ ብዬ መመርመር ጀመርኩ። ድንቹን የምታቀርቡት እንደ ቆሎ በተጠቀለለ ወረቀት ነው። የታላቁ ልጄ ወረቀት ባዶ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ አየር ማቀዝቀዣው በላያችን ይነፋል። የአትክልት ዘይት ወረቀት ሲነካ ያረጥበዋል፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ እንዲያው ፈሳሽ እንደሆነ ይቀራል። የልጄ ወረቀት ግን ከታች፣ ሹል በሆነው በኩል፣ ነጭ ነገር ረግቶበታል። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው እንደ ጧፍ ሰም ተላጠ። የቀዘቀዘ ጥብስ መጥበሻ ላይ የሚረጋውን ያውቁታል አይደል? እሱ ነው። ምላሴን ላንቃዬ ላይ ሳሻሸው እዚያም አለ።

ተነሥቼ ወደ ጓዳው መስኮት ሄድኩ። የሚጠብሰው ወጣት የአገራችን ልጅ ነው፤ ስሙን አልጠየቅኩም። “ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ይሄ በምንድን ነው የሚጠበሰው?” አልኩት። አንገቴ ላይ ያለውን ማዕተብ አየና ደነገጠ። “እህቴ፣ ሞራ እኮ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ቀይረነዋል። አልነገሩሽም?” አለኝ።

አልነገሩኝም። ሰሌዳውም አልነገረኝም። ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለት ጊዜ የተነገረኝ ሌላ ነው።

ሥራ አስኪያጅዎን አስጠራሁት። ዘይቱ መቀየሩን አልካደም። ሰሌዳውን ግን “ገና አላሳተምነውም” አለኝ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ! አንድ ኤ ፎር ወረቀትና አንድ ማርከር ይበቃው ነበር። ቀጠለና “ያው ድንች ነው እኮ፣ ሥጋ አልበላችሁም” አለኝ። በመጨረሻም ለካሳ ብሎ የነጻ ዋፍል ኩፖን ዘረጋልኝ፤ ከነክሬሙ። ቅቤ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ከላይ ክሬም! በፍልሰታ! ልስቅም ላለቅስም ቃጥቶኝ ኩፖኑን ይዤ ወጣሁ።

መኪና ውስጥ ትንሿ ዝም አለች። ግማሽ መንገድ ላይ “እማዬ፣ ገደፍኩ እንዴ?” አለችኝ። ሰባተኛ ቀኗ ነበር፤ ካላንደር ላይ በየቀኑ ኮከብ ትለጥፋለች። የንስሐ አባታችን ጋ ደወልንና “ሳታውቂ የሆነ ነው፣ አይዞሽ፣ ቀጥዪ” አሏት። ቀጥላለች። የነሐሴ 7ን ኮከብ ግን እስከዛሬ አልለጠፈችም። እኔ እንድትለጥፍ ብለምናት እምቢ ብላለች።

በሞራ ለምን ጠበሳችሁ ብዬ አይደለም የምከስዎ። የቤልጂጎቹ ወግ ነው፤ ዘንድሮ ደግሞ እዚህ አሜሪካም የሞራ ነገር እንደ አዲስ ፋሽን ሆኗል። ቤቱ የእርስዎ ነው፣ በፈለጉት ይጥበሱ። የእኔ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ያለውና መጥበሻው ውስጥ ያለው አንድ ይሁን ነው።

ጉዳዩ የእኛ የጾመኞቹ ብቻም አይደለም። ከበስተጀርባዬ ተሰልፈው የነበሩት ሁለት ሴቶች ሒጃብ ያደረጉ ናቸው። በሬው እንዴት እንደታረደ ማወቅ ይፈልጋሉ። ሂንዱዎች አሉ። ሥጋ ጨርሶ የማይቀምሱ አሉ። የፌዴራሉ የአለርጂ ሕግ በዋናነት የሚዘረዝራቸው ዘጠኝ ምግቦች ናቸው፤ ወተት አለ፣ እንቁላል አለ፣ በፈረንጆቹ 2023 ሰሊጥም ተጨምሯል። የበሬ ሞራ ግን ከእነሱ መሀል የለም። እንግዲህ እንደ እኔ ያለ ሰው ያለው አንድ መከላከያ አፉ ነው፤ ይጠይቃል፣ የተባለውንም ያምናል።

እዚህ አገር ይህ ቀልድ እንዳልሆነ ደግሞ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ማክዶናልድስ በፈረንጆቹ 1990 ከበሬ ሞራ ወደ አትክልት ዘይት ቀየርኩ አለ። ድንቹ ውስጥ ግን የበሬ ማጣፈጫ ነበረበት። ሂንዱዎችና ሥጋ የማይበሉ ሰዎች በ2001 ከሰሱት፤ በ2002 ይቅርታ ጠይቆ 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እኔ ጠበቃ ልይዝ አይደለም። የጠየቅኩት ማርከር ነው።

ካነሣሁ አይቀር አንድ ሌላ ነገር። በጥር ከሥራ ባልደረባዬ ጋር መጥቼ “የሊዬዥ ዋፍል” አዝዤ ነበር። የመጣልኝ ባለ አራት ማዕዘን፣ ቀላል፣ ዱቄት ስኳር የተነሰነሰበት ነው። እሱ የብራስልስ ዋፍል ነው። የሊዬዥ እንደ ዳቦ ሊጥ ከጠነከረ ቡኮ ይሠራል፤ ጠጠር ጠጠር የሚያካክል ስኳር ውስጡ ገብቶ ይቃጠልና ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል፤ ዳርዳሩም የተበላሸ ክብ ነው። ያኔ “ይሁን” ብዬ በላሁት፤ ጣፍጦኛልም። አሁን ሳስበው ግን ያው በሽታ ነው። ሰሌዳችሁ አንድ ነገር ይላል፣ ጓዳችሁ ሌላ ይሠራል።

የምጠይቅዎት እንዲህ ነው። ሰሌዳው ዛሬውኑ ይውረድ፤ አዲሱ እስኪታተም በእጅም ቢሆን “በበሬ ሞራ የተጠበሰ” ተብሎ ይጻፍ፣ በአማርኛም ጭምር፤ ደንበኛችሁ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ካሸሮቹን አንድ ጠዋት ሰብስባችሁ የትኛው ሶስ ምን እንዳለው ንገሯቸው። ከተቻለ ደግሞ፣ በመስኮቱ ሳይ አራት መጥበሻ ቆጥሬአለሁ፤ አንዷን በአትክልት ዘይት ለብቻዋ ብታደርጉልን በጾም ወራት ሰልፉ እስከ መንገድ ይደርሳል። በዓመት ስንት ቀን እንደምንጾም ለእርስዎ አልነግርዎትም። የድንቹ ገንዘብ ይመለስልኝ። ጉርሻውን ተዉት፣ እሱ የልጅቷ ነው።

ስለ ልጅቷ ካነሣሁ አደራ፤ በእኔ ደብዳቤ ምክንያት እንጀራዋን እንዳትነኩባት። የተጻፈውን ነው ያነበበችልኝ። የሚጠብሰውን ልጅ ደግሞ አመስግኑልኝ። ዝም ቢል ኖሮ እኔ አሁንም በየሳምንቱ እመጣ ነበር።

ደረሰኙንና የረጋውን ወረቀት ፎቶ አያይዣለሁ። በዚሁ ኢሜይል እስከ ሳምንት መልስዎን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ደንበኛችሁ

ማስታወሻ፦ የዋፍሉን ኩፖን በፖስታ መልሻለሁ። ጀርባውን ሳነበው የሚያገለግለው እስከ ኦገስት 21 ብቻ ነው። ነሐሴ 15 ማለት ነው። እኛ የምንፈስከው በማግስቱ ነው።