ለናቲ፣ ስለ ተቃጠለው ኤክስቦክስ

ናቲዬ፣

ይህን በአማርኛ የምጽፍልህ በእንግሊዝኛ ስቆጣ ስለምትስቅብኝ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት የተማርከው ፊደል ዛሬ ይጥቀምህ። ያልገባህን ቃል ጮክ ብለህ አንብበው፣ ጆሮህ ያውቀዋል። የማታ ፈረቃ ስለሆንኩ ፍሪጁ ላይ ለጥፌልህ ነው የምወጣው።

ለገና አጎትህ ቤት አልሄድም ስትል አሞህ መስሎኝ ግንባርህን ዳሰስኩ። ለካ ከልጁ ከቢኒ ጋር ከተኳረፋችሁ ሁለት ወር ተኩል ሆኗችኋል። ምክንያቱን ከእህትህ ስሰማ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ አትቀየመኝ። ጥቅምት ላይ ሄይሎ፣ ያ የአንተ የኤክስቦክስ ጌም፣ ለቢኒ ፕሌይስቴሽን ፋይቭም ሊወጣ ነው ተባለ፤ ቢኒ ሌሊቱን ሙሉ የሚያበሽቅ ምስል ሲልክልህ አደረ፤ አንተም ብሎክ አደረግከው። በቃ፣ የአንድ አያት የልጅ ልጆች በዚህ ተለያዩ።

ስቄ ሳበቃ ግን ከነከነኝ። የዚህ ጠብ ሥሩ ያለው እናንተ ሳትወለዱ ነው፤ የምናውቀውም እኔና አጎትህ ብቻ ነን። እሱ ደግሞ አይነግራችሁም።

በእኛ 1999 ዓ.ም. አጎትህ ገርጂ፣ የእማማ ግቢ በር ላይ ያለችውን ክፍል ፕሌይስቴሽን ቤት አደረጋት። ሦስት ቴሌቪዥን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ በቀለም «ጌም አለ» የሚል ጽሑፍ። ሂሳብ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ተሸናፊ ይከፍላል። ሁለቱ ቴሌቪዥኖች ላይ ያለው ፕሌይስቴሽን ቱ ስለሆነ ጨዋታው አንድ ብር ነው። ሦስተኛው ላይ ግን ግራጫው፣ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ነበር፤ እሱ ሃምሳ ሳንቲም።

ግራጫውን ብታየው ጉድ ትል ነበር። ሲዲውን የሚያነበው ዓይን የሚንሸራተትበት ፕላስቲክ ተበልቶ ስላለቀ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አያነብም። ገልብጠን፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርገን ነበር የምናጫውተው። የእኛ ፈጠራ እንዳይመስልህ፤ ያ ማሽን ሲያረጅ በየአገሩ ያሉ ልጆች እንዲሁ ሲገለብጡት ኖረዋል። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ «እህቴ፣ ይሄ ነገር ተገልብጧል» ይለኛል። «አልተገለበጠም፣ ተኝቶ ነው የሚሠራው» እለዋለሁ።

ሁልጊዜ እዚያ ተገልባጩ ጋ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ሌሎቹ ማሽኖች ባዶ ሆነው እንኳ ወደዚያ አይሄድም። «ለምንድን ነው?» ስለው፣ «የዚህኛው ኳስ ይከብዳል፣ እንደ እውነተኛ ነው። ያኛው የሕፃን ጨዋታ ነው» ይላል፤ ሊያሳምነኝ እየማለ። ኪሱ ውስጥ ሃምሳ ሳንቲም ብቻ እንዳለ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አንድ ቀን ሌላው ልጅ ከፍሎለት ፕሌይስቴሽን ቱው ላይ ተቀመጠና ለሦስት ሰዓት መነሳት አቃተው። በማግስቱ ተመልሶ ግራጫውን ያሞግሳል።

ሌላው ሁሉ ኳስ ነበር። ፔስ ስድስት የሚባለው የኳስ ጌም የሊቨርፑልን ስም የመጠቀም ፈቃድ ስላልነበረው «መርሲሳይድ ሬድ» ነው የሚለው፣ ቼልሲም «ለንደን ኤፍሲ»። ልጆቹ ማሊያውን አይተው ስለሚያውቁት ስሙ አይገዳቸውም። የኢንተሩ አድሪያኖ ከየትም ቢመታ ስለሚያገባ ካርቶን ላይ «ኢንተር መያዝ ክልክል ነው» ብዬ ጽፌ ሰቅዬ ነበር። መብራት ሲሄድ ደግሞ ዳኛዋ እኔ ነኝ። ሁለት ለዜሮ ሲመራ የነበረው «አሸንፌያለሁ» ይላል፣ የተመራው «ባይጠፋ እመልስ ነበር» ይላል። ከሁለቱም ሃምሳ ሃምሳ ሳንቲም እቀበላለሁ፤ ሁለቱም ይረግሙኛል።

በአርሴናልና በማንቼ ምክንያት ጥርስ ሲወልቅ አይቻለሁ። በማሽን ምክንያት የተጣላ ግን አንድም አላየሁም። ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ ጆይስቲክ ካለው ስሙ ፕሌይስቴሽን ነው። ኔንቴንዶ ቢሆንም ፕሌይስቴሽን፣ ሴጋ ቢሆንም ፕሌይስቴሽን።

እስከዚያ ጥምቀት ድረስ ማለቴ ነው።

የጥምቀት ሰሞን ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ የሰፈራችን ልጅ ሲመለስ ሻንጣው ቢከብደው ያመጣውን ኤክስቦክስ ለአጎትህ ተወለት። የመጀመሪያው፣ ጥቁሩ፤ ስትሸከመው ወፍጮ ድንጋይ ነው የሚመስልህ። ሰፈሩ ተሰበሰበ። አጎትህ ከጎረቤት አራተኛ ቴሌቪዥን ተዋሰ፣ ሶኬቱ አልገባ ሲለው ሮጦ ማገናኛ ገዝቶ መጣ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ሰካው። እዚህ አሜሪካ የምንጠቀመው 120 ቮልት ነው፣ እዚያ 220። ትራንስፎርመር ትዝ ያለው ሰው የለም፣ እኔንም ጨምሮ። ቀዩን ቀሚሴን ለብሼ «ፎቶ አንሱኝ» እያልኩ ነበር።

«ጧ!» አለ። ከኋላው ቀጭን ጭስ ወጣ። ወንበሩ ላይ የነበሩት ልጆች በአንዴ በሩ ላይ ተገኙ። ሽታው ለሁለት ቀን ከመጋረጃው አልለቀቀም።

አጎትህ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ? አላለም። «ኤክስቦክስ ይቃጠላል» አለ። ሰፈሩም ተቀበለው። ኤክስቦክስን በዓይኑ ያላየ ልጅ ሁሉ «እሱ እኮ ይቃጠላል» ማለት ጀመረ፤ እንዲያውም በዓመቱ ወሬው ወደ ቦሌ ተሻግሮ አንድ ቤት ሙሉ እንደተቃጠለ ሆኖ ተመልሶ መጣልን። በፈረንጆቹ 2007 ማይክሮሶፍት ሦስት ቀይ መብራት እያበራ ለሚሞተው ኤክስቦክስ 360 ዋስትናውን ወደ 3 ዓመት አራዝሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደመደበ በኋላ ሲሰማ «አላልኳችሁም?» ብሎ እስክስታ ሊወርድ ምንም አልቀረው። የእኛው ግን 360 አይደለም፤ ያቃጠለውም ራሱ ነው።

ይኸው ሰውዬ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ቤት ገዝቶ ተቀምጦ፣ ለቢኒ ፕሌይስቴሽን ፋይቭ ሲገዛለት አብሬው ነበርኩ። ሻጩ ልጅ ሁለቱንም ሲያሳየው ምን አለ መሰለህ? «ያኛው ይቃጠላል።»

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። አንተ ኤክስቦክስን የመረጥከው የሄይሎውን ጀግና ማስተር ቺፍን ስለወደድክ ይመስልሃል። በ2020 ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። ፕሌይስቴሽን ፋይቭ 499 ዶላር፣ ሲዲ የማይወስደው 399፣ እሱም ከየትም አይገኝም። ትንሹ ነጭ ኤክስቦክስ፣ ሲሪስ ኤስ የሚሉት፣ 299። ኪራይ ከፍዬ፣ ለእማማ ልኬ እጄ ላይ የቀረኝ 340 ነበር። ከሜሪላንድ ታክስ ጋር 318 ከፈልኩ፣ በቀሪው ኬክ ገዛሁልህ። ያን ቀን ዋጋቸው ተገላብጦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምስል የምትልከው አንተ ነበርክ። የሂሳቡን ወረቀት እስካሁን አስቀምጬዋለሁ። ባለፈው ሳወጣው ያ የሃምሳ ሳንቲሙ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ሄይሎ ራሱም ቢሆን እኮ ተወልዶ ያደገው እናንተ ቤት አይደለም። ሥራ ቦታ በእረፍት ሰዓቴ ሳነብ ነው ያገኘሁት። በፈረንጆቹ 1999 ለዓለም ያሳየው የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ ነው፣ ማክወርልድ በሚባለው የማክ ኮምፒውተር ትርኢት መድረክ ላይ። በ2000 ማይክሮሶፍት ሠሪውን ባንጂን ገዛና በ2001 ከመጀመሪያው ኤክስቦክስ ጋር ወጣ። ስንት የማክ ልጅ ያኔ ክፍሉን ዘግቶ እንደተቀመጠ አስበው።

የቢኒም ከዚህ አይሻልም። ፕሌይስቴሽን የተፀነሰው ከኔንቴንዶ ጋር ነው። በ1991 ሶኒ ቺካጎ ላይ አብረን ማሽን ልንሠራ ነው ብሎ አወጀ፤ በማግስቱ ኔንቴንዶ ወጥቶ እኔስ ከፊሊፕስ ጋር ነኝ አለ። ቀለበት አስሮ በማግስቱ ሌላ ቤት ሽማግሌ መላክ ማለት ይህ ነው! ኬን ኩታራጊ የሚባለው የሶኒ መሐንዲስ ግን ሥራውን አልጣለውም፤ በ1994 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ፕሌይስቴሽንን አወጣው። ሴጋን ደግሞ ተመልከት። በኔንቴንዶው ማሪዮና በሴጋው ሶኒክ ስንት አሜሪካዊ ወንድማማች ተናክሶ፣ በ2001 ሴጋ ማሽን መሥራቱን ሲያቆም ዓመቱ ሳያልቅ ሶኒክ ኔንቴንዶ ላይ ሲሮጥ ተገኘ። ማንንም አላስፈቀደም።

አጎትህ የቡና ደጋፊ ነው፤ ቡና ተሸንፎ እራት አልበላም ሲል አይቻለሁ። እሱ ይገባኛል፣ ስታዲየም አብሮት ያለቀሰ ሰው አለ። ለማይክሮሶፍት እራት መተው ግን፣ ናቲዬ፣ ለእኔ ከበድ ይላል።

ጌሙን ጥላዋለች እንዳትለኝ ደግሞ። የመጀመሪያ ጊዜ ሄይሎን ስትከፍት ያ የመነኮሳት የሚመስል ዜማ ወጥ ቤት ድረስ ሲመጣ ቅዳሴ የከፈትክ መስሎኝ ሽንኩርቱን ትቼ አማተብኩ። ገብቼ ሳይ አንዱን ልታፈነዳው ነው። ያን ቀን አልነገርኩህም እንጂ ዜማው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። የሚያምህም የቢኒ ሳቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ገና ሳይነጋ ነበር መሳቅ የጀመረው፤ እሱንም ለእናቱ ነግሬያታለሁ፣ ሳይቀጣ አልቀረም።

ረቡዕ ገና ነው። ዶሮው ሁለት ነው፣ ድፎውን እኔ ነኝ ይዤ የምሄደው፣ ያለ አንተ ደግሞ ከባድ ነው። ጆይስቲክህን ቦርሳህ ውስጥ ክተት። ምግብ ከተነሳ በኋላ፣ ቢኒ ባለበት፣ ጮክ ብለህ «አጎቴ፣ ትራንስፎርመር ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቀው። ፊቱን ዝም ብለህ እየው።

እኔ እንደነገርኩህ ግን አትናገር።

እናትህ

የምስር ወጡ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነው። አሙቀህ ብላ፣ ቀዝቃዛውን እንዳትበላ።